መቀሱን ከማንሳትሽ በፊት

ልጄ፣ ያባትሽን ሳምሶናይት ከፍተሽ ወረቀቶቹን ምንጣፍ ላይ እንደዘረጋሻቸው ነገርሽኝ። ነፍሱን ይማርና፣ ቁራጭ ደረሰኝ እንኳ የማይጥል ሰው ነበር። ከነዚያ ወረቀቶች ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ኮላዥ ልሠራ ነው ማለትሽን ወድጄዋለሁ። እኔ እዚህ ናይሮቢ መጽሐፍ ስጠርዝና ፍሬም ስሠራ ያረጀሁ ሰው ነኝና እንዲህ ያለ ሐሳብ ይዘው የሚመጡ ወጣቶች ያጋጥሙኛል። ሁሉም መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ሙጫ ነው። ስለ ሙጫ እነግርሻለሁ፤ ግን ይቆይ። መጀመሪያ ማወቅ ያለብሽ እያንዳንዱ ወረቀት ሥራውን መጨረስ አለመጨረሱን ነው። ሥራውን ያልጨረሰ ወረቀት መቀስ አይነካውም።

ወረቀት ለአንድ ሰው መመስከር እስከቻለ ድረስ ሥራ ላይ ነው። የልደት ምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የቤት ካርታ፣ ኑዛዜ፣ ባለቤታቸው ቢሞትም እነዚህ አይሞቱም። ያንቺ ልጅ ነገ አያቱ ማን እንደነበረ ለአንድ ቢሮ ማስረዳት ሊኖርበት ይችላል። ፓስፖርት ደግሞ ቀኑ ቢያልፍም የሰጠው መንግሥት ንብረት ነው፤ እንዳትቆርጪው። «ጋሼ፣ ሰውየው ከሞተ የስደተኛ ደብዳቤው ለማን ይጠቅማል?» እንደምትዪኝ አውቃለሁ። የናይሮቢ ሐበሻ እንዲህ ብሎ መጠየቅ አልነበረበትም።

ለምን እንደሆነ ላስረዳሽ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ልጥራልሽ፤ የዚህ አገር ወረቀት የሚቆጥረው በዚያ ነውና። በ1991 ደርግ ሲወድቅ በሞያሌ በኩል ድንበር ከተሻገሩት ብዙዎቹ ዋልዳ መጠለያ ሰፈሩ፤ ዋልዳ በ1993 ሲዘጋ ወደ ካኩማ ተዛወሩ። ከዚያ ያመለጠውም፣ በኋላ የመጣውም እዚህ ናይሮቢ ኢስሊ ሰፈርን ሞላ። በኤፕሪል 2014 ፖሊስ ኢስሊን ሲያስስ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተይዘው ነበር፤ ብዙዎቹን ካሳራኒ ስታዲየም ወስዶ ወረቀታቸውን አጣራ። በዚያ ሰሞን ቤት ማደርና ስታዲየም ማደርን የለየችው ኪስ ውስጥ የተጣጠፈች አንዲት ወረቀት ነበረች። የስደተኞች ሕጉም በ2006 ወጣ፣ በ2021 በሌላ ተተካ። ሕግ በተቀየረ ቁጥር ማን መቼ እንደገባ የሚያሳየው ያው ያረጀው ወረቀት ነው። ወንድምሽ ወይም የአጎትሽ ልጅ ጉዳዩ ገና በሂደት ላይ ከሆነ፣ ያባትሽ ደብዳቤ ዛሬም ሥራ ላይ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ሥራ ላይ ያለውን ለብቻ አስቀምጪ፣ የምትጠራጠሪውን ለብቻ። ሥራውን የጨረሰው ክምር ትንሽ መስሎ ቢታይሽ አትዘኚ፤ ስትቀመጪበት ብዙ ሆኖ ታገኚዋለሽ። የመብራት ቢል፣ የአውቶቡስ ቲኬት፣ አድራሻ የተጻፈበት ባዶ ፖስታ፣ ያለፈ ዓመት ካላንደር፣ የሒሳብ ደብተር፣ ዕቃ የተጠቀለለበት ጋዜጣ፣ ይህ ሁሉ ያንቺ ነው። የሱፐርማርኬት ደረሰኞቹን ግን ዛሬውኑ ኮፒ አድርጊያቸው። ናኩማት ከተዘጋ ዓመታት አልፈዋል፤ ደረሰኙም እየተከተለው ነው። በሙቀት የሚታተም ወረቀት ብርሃንና ጊዜ ያደበዝዘዋል፤ ካውያ ካስነካሽው ደግሞ ይጠቁራል።

አሁን ወደ ሻጋታው። ሳምሶናይቱ በ2024ቱ ጎርፍ ውሃ ገብቶበት እንደነበር ነግረሽኛል። ያኔ የናይሮቢ ወንዝ ሞልቶ የስንቱን ቤት ወረቀት ጭቃ እንዳደረገው አይተናል። ለሌላ ጊዜ እንዲጠቅምሽ ይህን ያዢ፤ ወረቀት ከራሰ ሁለት ቀን በማይሞላ ጊዜ ውስጥ መሻገት ሊጀምር ይችላል። ቶሎ ማድረቅ ካልቻልሽ በላስቲክ ጠቅልለሽ ፍሪዘር ውስጥ ክተቺው። ቤተ መዛግብትም ጎርፍ ሲደርስባቸው የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ በረዶው ሻጋታውን ያቆመዋል፤ አንቺም በእርጋታ አንድ አንዱን እያወጣሽ ታደርቂያለሽ። የደረቀ ሻጋታ ካየሽ አትንፊበት። ማስክ አድርገሽ በረንዳ ላይ ውጪና በለስላሳ ብሩሽ ከፊትሽ ወደ ውጭ ጥረጊው። ፀሐይ ላይ አታስጪው፤ ይኮማተራል፣ ቀለሙም ይሄዳል። ገጾቹ ከተጣበቁ አትታገያቸው። ፎቶ ከመስታወት ጋር ከተጣበቀ ደግሞ ለማላቀቅ አትሞክሪ፤ ፊቱ መስታወቱ ላይ ይቀራል። እንዳለ በመስታወቱ በኩል ስካን ይደረግ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ በዚህ ሙያ ግን ያፈሰስሽውን መልቀም አይቻልም።

ላሚኔት የተደረገውን እንዳለ ተዪው። ወላጆቻችን ወረቀት የወደዱ መስሏቸው ያገኙትን ሁሉ ላስቲክ አለበሱት። ላስቲኩን ልላጥ ካልሽ ጽሑፉ አብሮ ይነሳል። ስኮች የተለጠፈበትም እንደዚያው ነው፤ ቢጫ የሆነውን ሙጫ በጥፍርሽ አትፋቂ።

ስላባትሽ የቀበሌ መታወቂያ ዘለግ አድርጌ ልንገርሽ። አጉሊ መነጽር ይዘሽ መስኮት አጠገብ ቁጭ በዪ። አራት ላይ ታጥፎ ዘመኑን ኪስ ውስጥ ስለኖረ፣ እጥፋቶቹ የሚገናኙበት መሐሉ ላይ ቀዳዳ አበጅቷል። ፎቶው የተያዘበት የስቴፕለር ሽቦ ዝጎ በዙሪያው ቡናማ ቀለበት ሠርቷል። ሐምራዊው ማኅተም ግማሹ ፎቶው ላይ፣ ግማሹ ወረቀቱ ላይ ነበር ያረፈው፤ አሁን ፎቶው ወድቆ ወረቀቱ ላይ የቀረው ጎዶሎ ክብ ነው። ፎቶው የነበረበትን ቦታ ልብ ብለሽ እዪው። ዙሪያው ሲጠይም እሱ ብርሃን ስላላገኘው ነጣ ብሎ ቀርቷል። ፎቶውን መልሰሽ ልትለጥፊ እንደምትመኚ አውቃለሁ። አትለጥፊ። ያ ነጣ ያለ አራት ማዕዘን የትኛውም ሠዓሊ ቀለም በጥብጦ የማያመጣው ነገር ነው።

ስለዚህ ነው አንዳንድ ሰዎች አዲስ ወረቀት ሻይ ውስጥ ነክረው «አስረጀነው» ሲሉ የማልታገሠው። እርጅና ቀለም አይደለም። ወረቀቱ የት የት እንደታጠፈ፣ በማን እጅ እንደተያዘ፣ በየት በኩል ላብ እንደነካው ያሳያል። አንቺ ካባትሽ እጅ የወረደ እውነተኛ እርጅና ይዘሽ ሳለ ምን ቆርጦሽ ሻይ ታፈያለሽ?

መታወቂያው በዚህች ከተማ የሚሰቀል መሆኑንም አትርሺ። የእንግሊዝ አስተዳደር በ1915 ባወጣውና ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሥራ ላይ ባዋለው የምዝገባ ደንብ፣ ዕድሜው ከ16 ዓመት በላይ የሆነ አፍሪካዊ ወንድ ሁሉ ኪፓንዴ እንዲይዝ ተገደደ። የጣት አሻራው፣ የአሠሪው ስም፣ ደመወዙ የሰፈረበት ወረቀት በቆርቆሮ ማኅደር ሆኖ አንገቱ ላይ ይንጠለጠል ነበር፤ የቀረው በ1947 ነው። እኛ አገር ክታብ አንገት ላይ የሚታሰረው ክፉ እንዳይቀርብ ነው፤ ኪፓንዴ የታሰረው ግን ሰውየው እንዳይርቅ ነበር። አንቺ የመታወቂያ ሥራ ስትሰቅዪ ኬንያዊው ተመልካች ያንን ይዞ ነው የሚቆመው። ማስረዳት አይጠበቅብሽም፤ ያውቀዋል። ጊዜ ስታገኚ ሞይ አቬኑ ላይ ያለውን ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ጎብኚ። ምድር ቤቱ ያለውን የሙሩምቢ ስብስብ ስታዪ፣ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበረ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲሰበስብ ኖሮ ምን እንዳተረፈ ይገባሻል።

በወረቀት ኮላዥ ከሠሩ ኬንያውያን መጀመሪያ ሮዝሜሪ ካሩጋን እወቂ። በ1928 ተወለደች፤ ከ1950 እስከ 1952 ኡጋንዳ፣ ማኬሬሬ ሥነ ጥበብ ተማረች፤ በዚያ ትምህርት ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ተማሪ እሷ ነበረች። ከዚያ ረጅም ዘመን አስተማሪ ሆና ኖረች። ወደ ጥበቡ የተመለሰችው ልጆቿን ካሳደገች በኋላ ነው፤ ቀለም መግዣ ስላልነበራት የሬክሶና ሳሙና መጠቅለያና የዱቄት ከረጢት እየቆረጠች መለጠፍ ጀመረች። ሥራዋ በ1990 ኒውዮርክ ሐርለም ስቱዲዮ ሙዚየም ታየ። በ2021 አየርላንድ ውስጥ አረፈች። የሷ ብልሃት ቁርጥራጩን ማሳነሱ ላይ ነው። ወረቀቱ ጽሑፍነቱ ቀርቶ ቀለም እስኪሆን ትቆርጠዋለች፤ ከሩቅ የምታዪው እንስሳና የገጠር ሰው ነው፤ ሳሙናው የሚታይሽ ስትጠጊ ብቻ ነው።

ያንቺ ወረቀት ግን የሳሙና መጠቅለያ አይደለም፤ መነበብ ይፈልጋል። ስለዚህ አንዱን ምረጪ። ወይ እንደ ካሩጋ ቀለም እስኪሆን አድቅቂው፣ ወይ ተመልካቹ ቆሞ የሚያነበው ያህል ሰፊ አድርገሽ ተዪው። እኔን የሚያስቸግረኝ መሐል ቤት የሚቀረው ነው፤ እዚህ ግማሽ ማኅተም፣ እዚያ ግማሽ ፊርማ፣ ላዩ ላይ ወርቃማ ቀለም ረጨት ረጨት። እንዲህ ያለው ለሆቴል መተላለፊያ ይሆናል።

ዋንጌቺ ሙቱን ታውቂያታለሽ፤ የናይሮቢ ልጅ ናት። በአሮጌ የሕክምና መጽሐፍ ሥዕሎች ላይ የሴት ፊት ገጣጥማ የሠራችውን ተከታታይ ሥራ ፎቶውን ፈልገሽ እዪ። የታተመው ገጽ ከሥር እየታየ ነው የተለጠፈበት፤ የሐኪሙ ሥዕልና የሷ ሥራ ሲጣሉ ይታይሻል። ከእኛ ደግሞ ኤልያስ ስሜ አለ። አዲስ አበባ ምናለሽ ተራ የሚሸጥ የተጣለ ሽቦና የኮምፒውተር ቦርድ እየገዛ ግድግዳ የሚያህል ሥራ ይሠራል፤ ከዚያ በፊት በመርፌና በክር፣ በቁልፍ ይሠራ ነበር። የኤልያስን ስም ያነሳሁልሽ ለመርፌው ነው።

ሙጫ ከማንሳትሽ በፊት መስፋትን አስቢ። የብራና ጸሐፊዎቻችን ቆዳው ሲወጠር ቀዳዳ ካበጀ አይጥሉትም ነበር፤ ይሰፉትና ጽሑፉን በዙሪያው ያሳልፉታል። ገዳም ገብተሽ አሮጌ መጽሐፍ ካገላበጥሽ ስፌቱን ታገኚዋለሽ፤ ማንም ሊደብቀው አልሞከረም። ወረቀት ላይም ይሠራል። ቀዳዳውን መጀመሪያ በወስፌ ብሺ፤ መርፌውን በደረቁ ከገፋሽው ወረቀቱ ይሰነጠቃል። ክሩን ሰም አስነኪው። ቀዳዳዎቹን አታቀራርቢ፤ አለዚያ እንደ ቲኬት ተበጥሶ ይወድቃል። የተሰፋ ነገር ነገ ሐሳብሽን ብትቀይሪ ይፈታል፤ የተለጠፈ አይፈታም።

የምትቆርጪው ኮፒውን ነው። ኮፒ ቤት ስትሄጂ በዱቄት ቀለም፣ በቶነር የሚሠራ ማሽን እንዲሆን ጠይቂ፤ የኢንክጄት ቀለም ሙጫ ሲነካው ይፈሳል። ጣትሽን አርጥበሽ ጥጉን አሸት ብታደርጊው ወዲያው ታውቂዋለሽ። ዋናው ወረቀት ላይ ያለውም ቀለም አንድ አይደለም፤ የማኅተምና የብዕር ቀለም ውሃ ሲነካው ይሮጣል፤ እስክሪብቶ ውሃ ይችላል፤ አልኮል ግን ያሟሟዋል። ሌላም ነገር አለ። መታወቂያን በልኩና በሙሉ ቀለሙ ኮፒ አታስደርጊ። በሐሰተኛ ወረቀት ስሙ በወጣ ከተማ ውስጥ ነው የምንኖረው፤ ቦርሳሽ ውስጥ ልኩን የጠበቀ የመታወቂያ ኮፒ የተገኘ ቀን «ጥበብ ነው» ማለት አያዋጣሽም። ወይ አሳድጊው፣ ወይ አሳንሺው፤ ጥቁርና ነጭ ቢሆን ይሻላል። በነገራችን ላይ ሲያድግ ነው የሚያምረው። ያ የዛገ ሽቦ ቀለበት ሰሐን ሲያህል እዪው።

ኮፒውን ከመቀስ ይልቅ በእጅሽ ብትቀድጂው እወዳለሁ። ወደ ራስሽ ስትስቢ ዳር ላይ ነጭ ጠርዝ ይወጣል፤ ያ ጠርዝ መስመር ሆኖ ያገለግልሻል። ወረቀት ደግሞ በአንድ በኩል ቀጥ ብሎ ይቀደዳል፣ በሌላው ይንሻፈፋል። ውሃ ሲጠጣ ይበልጥ የሚሰፋውም በአንዱ አቅጣጫ ነው። ቀጥ ብሎ የሚቀደድበትን ለይተሽ ወረቀቶቹን ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ብታስተኚያቸው፣ ሲደርቁ የመጨማደዳቸው ነገር ይቀንሳል።

እንግዲህ ሙጫ። ዋናውን ወረቀት የግድ ካስነካሽው፣ የስንዴ ዱቄት ሙጫ ብቻ ይሁን። አንድ እጅ ዱቄት ለአራት እጅ ውሃ፣ በለዘብተኛ እሳት እያማሰልሽ፣ ነጭነቱ ለቆት ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ። ከዚያ በሻሽ አጥልዪው። በውሃ የሚለቅ መሆኑ ነው ጥቅሙ። ጉዳቱ በረሮ ይወደዋል፤ ስለዚህ ጥቂት ጥቂት ሥሪ፣ ሲኮመጥጥ ድፊው። ለኮፒው አናጢዎች የሚጠቀሙበት ነጭ ኮላ በውሃ ቀጠን ተደርጎ ይበቃል። የጫማ ማስቲሽ እንዳታስቢ፤ ይጠቁርና ይለቃል። ከጀርባ የምትለጥፊበት ጣውላ ወይም ኮምፔንሳቶ ከሆነ መጀመሪያ ነጭ አክሪሊክ ቀቢው፤ እንጨቱ ወረቀቱን ቢጫ እንዳያደርገው። ፊቱ ላይ ወረቀት ስትለጥፊ ጀርባው ላይም ለጥፊ። ወረቀት ሲደርቅ ይስባል፤ በአንድ በኩል ብቻ ከሳበ ሰሌዳው ይጎብጣል። ፍሬም ለማስገባት የሚመጣልኝ ሥራ አብዛኛው የጎበጠ ነው።

የሥራው ልብ የት እንደሆነ ከጠየቅሽኝ፣ ያባትሽ ሦስት የልደት ቀኖች ናቸው እልሻለሁ። ቀበሌው በእኛ አቆጣጠር ጽፎታል። አንድ ጸሐፊ ሰባት ይደምር ስምንት ሳይለይ ወደ ፈረንጅ አዞረው። ሌላኛው ምንም ሳይጠይቅ ጃንዋሪ 1 አለው፤ ስንቱ ስደተኛ በጃንዋሪ 1 እንደተወለደ ታውቂያለሽ። ስሙም በየወረቀቱ በሌላ ፊደል ተጽፏል። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ እነዚህን ለማስታረቅ ከመስኮት መስኮት ሲዞር ኖሯል። አንቺ ግን እንድታስታርቂያቸው የሚጠይቅሽ የለም። ጎን ለጎን አስቀምጪያቸው፤ ከዚያ ምንም አትጨምሪ።

አንድ ነገር ግን መጨመር አለብሽ፤ መሸፈኛ። ያባትሽ መዝገብ ውስጥ የሰዎች ስም አለ፤ የመሰከሩለት፣ አብረውት የታሰሩ፣ አገር ቤት የቀሩ ዘመዶች። አንዳንዶቹ ዛሬም እዚያው ናቸው። ስማቸው ይሸፈን። የመታወቂያ ቁጥር፣ ስልክና አድራሻ ይሸፈን። የጣት አሻራውም ይሸፈን፤ ዛሬ የስልክ ካሜራ ከግድግዳ ላይ አሻራ ያነሳል፤ የኤግዚቢሽን ፎቶ ደግሞ የት እንደሚዞር አይታወቅም። ሽፋኑን ያባትሽን ጋቢ ጥለት አድርጊው፣ የታጠፈ ወረቀት አድርጊው፤ ብቻ ብርሃን የሚያሳልፍ አይሁን። ደብዳቤዎቹን በሚመለከት የጻፈው ሰው በሕይወት ካለ ደውለሽ ጠይቂው። እምቢ ካለ ፖስታውን ብቻ ተጠቀሚ።

ፍሬሙን እኔ እሠራልሻለሁ። ወረቀቱ መስታወቱን እንዳይነካ በመሐሉ ክፍተት እተውለታለሁ፤ አንቺም መስኮት ትይዩ አትስቀዪው። ጀርባው ላይ የትኛው ዋና፣ የትኛው ኮፒ እንደሆነና በምን ሙጫ እንደለጠፍሽው በእርሳስ ጻፊ። የሚያሳይልሽ ቦታ አይጠፋም፤ ባናና ሂል ጋለሪ አለ፣ ሰርክል ጋለሪ አለ። ዋጋውን እነሱ ይነግሩሻል።

ከዚያ በፊት ግን ወንድሞችሽ ይዩት፤ እናትሽም። ከካናዳ የሚደውለው ታላቅሽ «ያችን ደብዳቤ አውጪልኝ» ሊልሽ ይችላል። ሥራው የሚፈርስ ይመስልሻል፤ ትከራከሪዋለሽ፤ እኔም ደውለሽ ከሱ ጋር እንድታገልልሽ ትጠይቂኛለሽ። አልታገልልሽም። አውጪለት። ክፍተቱን እንዳለ ተዪው፣ ወይም ስፊው። እሱ ያንን ደብዳቤ ለምን እንደፈራው አንቺ ያኔ ሕፃን ስለነበርሽ አታውቂም፤ እሱ ያውቃል፤ ለሱ ወረቀቱ ገና ሥራ ላይ ነው።